የተመረቀው ዓሣ

ዓሣ መሳል ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ እውነቱን ነው። አንድ ጎበጥ ያለ መስመር ከላይ፣ አንድ ጎበጥ ያለ መስመር ከታች፣ ሁለቱ ከሚገናኙበት ጭራ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ዓይን፤ አለቀ። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ይስለዋል። እኔም ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ መሳሉ አይደለም። ይህንኑ ሕፃን የሚስለውን ዓሣ ስዬ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ወደ ግሸን፣ ከግሸን ወደ ሪያድ አዙሬ፣ በመጨረሻ በገዛ እህቴ ምግብ ቤት በር ላይ እንዴት አበስብሼ እንደ ሰቀልሁት ነው የማወራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ሌላ ሰው እስኪያወራልኝ ከጠበቅሁ መሽቶ ይነጋል። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ፎቶ ኮፒ የማነሣባት፣ ማመልከቻ የምጽፍባትና ማስታወቂያ የማዘጋጅባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ለውጡ የመጣ ሰሞን ሥራዬ ሥራ ነበር። ባነር የማይሰቅል መሥሪያ ቤት፣ ባነር የማያሠራ ማኅበር አልነበረም። «እንኳን ደስ አላችሁ» ስጽፍ እውላለሁ፤ ደስ ያለን በምን እንደሆነ ግን ከባነር ባነር ይለያያል፣ እኔም አልጠይቅም። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። እኛ ሸሸን። ስንመለስ ኮምፒውተሩ የለም፣ ማተሚያው የለም፣ ወንበሩ እንኳ የለም። ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ ማውዙ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። የዘረፈኝን ሰው አላውቀውም፤ ግን ኮምፒውተሩን ያለ ማውዝ ምን ሊያደርገው እንዳሰበ እስካሁን ይገርመኛል። ማውዙን አልጣልሁትም። ምናልባት ሊጠይቀኝ ከመጣ ብዬ በሳጥን አስቀምጬለታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍም ሥዕልም የምሠራው በስልኬ ነው፣ በጣቴ። የስልኬ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ቀጥ ያለ መስመር ስስል ስንጥቁ ጋ ስደርስ ጣቴ ይነጥራል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ነገር አልስልም። ዓሣ መምረጤም ከዚህ የተነሣ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

ታናሽ እህቴ ሐዋ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ነው የኖረችው። ጦርነቱ እኛ ጋ ደርሶ ስልክ በተቋረጠ ጊዜ፣ እናቷ ትኑር ትሙት ሳታውቅ የሰው ምንጣፍ ስትጠርግ ከረመች። ኔትወርክ ተመልሶ ድምፃችንን ስትሰማ ብዙም ሳትቆይ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። እናቴን አቅፋ፣ አልቅሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ መጀመሪያ የተናገረችው ነገር «ዓሣ ቤት እከፍታለሁ» የሚል ነው። እናቴ መንገዱ ያዞራት መስሏት ውኃ አቀረበችላት።

ሐዋ ግን የምሯን ነበር። ያላትን ሁሉ አፍስሳ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ቤት ተከራየች፤ ግድግዳውን አስለሰነች፣ ምድጃ አስገባች፣ ከአሥጋሪዎቹ ጋር በየጠዋቱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንዲያመጡላት ተነጋገረች። ችግሩ የሪያዱ ደላላ ነው። አልተዋትም። «ጥሩ ቤት አግኝቼልሻለሁ፣ መቼ ትመጫለሽ?» እያለ ይጽፍላታል። እሽም አትለው፣ እምቢም አትለው። አንድ ቀን ድስት እያጠበች፣ ፊቷን ወደ ድስቱ እንዳደረገች፣ «ቤቱ ከሄደልኝ እዚሁ ነኝ። ካልሄደልኝ ግን ሰበብ አታብዙብኝ፣ አታልቅሱብኝ፤ እመለሳለሁ» አለች።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። እኔም አጣሁ፤ ግን ወንድ ነኝ ብዬ የተኛሁ አስመስላለሁ። እህቴን ዳግም ለዚያ ምንጣፍ መስጠት አልፈልግም ነበር። ምን ላድርግላት ብዬ አሰብሁ። ዓሣ ማጥመድ አልችል፣ መጥበስ አልችል፤ የምችለው አንድ ነገር ነው።

«ማስታወቂያውን ለእኔ ተይው» አልኋት።

«የዓሣ ፎቶ አንሥተህ ብትለጥፈውስ?» አለች። አያችሁ፣ ያኔ እሽ ብያት ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

«ፎቶማ ማንም ይለጥፋል። ያንቺ ይለይ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

ሳልሁት። አሁን እንዳልኋችሁ ነው፤ ሁለት መስመር፣ አንድ ጭራ፣ ክብ ዓይን፣ ሆዱ ላይ ጥቂት ቅርፊት። መስመሩ ደማቅ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ነጭ፣ ምንም ሌላ ነገር የለበት። ሐዋ አየችው። «ይኼ ዓሣ ገና አሁን ከውኃ የወጣ ነው የሚመስል» አለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም። ደሴ ያለ ባነር አታሚ ጋ ደወልሁ፤ ስሟን ራሱ ከታች በትልልቁ ሊጽፍልኝ፣ እኔ ዓሣውን ብቻ ልልክለት ተስማማን።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እናቴ አለች።

«ሳይመረቅ?» አለች፣ ልጅን ሳላስከትብ ትምህርት ቤት ላስገባ ያልኋት ያህል ደንግጣ።

እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ዱዓ ሳይደረግበት አይጀመርም። ሱቅ ይከፈት፣ ላም ትገዛ፣ ሰው ይጓዝ፣ ትልልቆቹ ተሰብስበው፣ አይተው፣ ነካ አድርገው፣ «አላህ በረካውን ያውርድበት» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ቢከስርም እንኳ ተመርቆ ነው የከሰረው፣ ማንንም አይቆጭም። በዚያን ሰሞን ግን መንገዱ ገና አልተረጋጋም፣ ዘመዱ ተበታትኗል፣ እንደ ድሮው ሁሉን ሰብስቦ ማስመረቅ አይታሰብም። ስለዚህ እናቴ አዲስ ሐሳብ አመጣች፤ ሰው ወደ ዓሣው መምጣት ካልቻለ ዓሣው ወደ ሰው ይሂድ።

ዓሣዬ እንዲህ አድርጎ መንገድ ጀመረ።

መጀመሪያ የሄደው ውጫሌ፣ አጎቴ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው። የጋሽ ሰይድ ስልክ በመንዙማ ጢም ብሏል። አንዲት ምስል እንድትገባ አንድ መንዙማ መውጣት አለበት፤ ይህን ደግሞ እሳቸው በሕይወት ሳሉ አያደርጉትም። አንድ ስልክ ጠጋኝ መላ ፈለገላቸው፤ የገባውን ምስል ሁሉ እየጨመቀ፣ እያሳነሰ የሚያስቀምጥ ነገር ጫነላቸው። የእኔም ዓሣ እዚያ ገብቶ እንደ ሰው ሁሉ ተጨመቀ። ከዚያ የጋሽ ሰይድ ድምፅ መጣልኝ።

«ማሻ አላህ! አላህ በረካ ያድርግላት፣ እጇን ያለምልመው። ግን ይኼ ዓሣ ምነው ከሳ? የጦርነት ዓሣ አስመሰልኸው እኮ! ሰው ይኼን አይቶ ምን ሊበላ ይገባል? ትንሽ አወፍረው፣ ልጄ።» የመረቁትንም ዓሣ አብረው መልሰው ላኩልኝ።

ማወፈር ቀላል ነው። ስልኬ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ዓሣ ከፍቼ ልጀምር ስል እናቴ ትከሻዬ ላይ ነበረች። «የቱን ነው የምትነካው?»

«የራሴን ዓሣ።»

«ያ እኮ አልተመረቀም! ጋሼ የመረቁትን አወፍር እንጂ።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። አሁን ሳስበው አንድም ልክ የሆነ ነገር የለበትም፤ ግን እናቴ ስትናገረው ልክ ይመስላል። ጋሽ ሰይድ መልሰው የላኩትን ይዤ በሁለት ጣቴ ሆዱን ወደ ላይና ወደ ታች ለጠጥሁት። ወፈረ። አስቀመጥሁት። ስልኬም በበኩሉ ሲያስቀምጥ ትንሽ ጨመቀው፤ ይህን ግን ያኔ ማን ነግሮኝ።

ቀጥሎ ግሸን። የእናቴ እህት፣ አክስቴ እትዬ ብርቄ፣ ክርስቲያን አግብታ፣ ክርስትና ተነሥታ፣ ግሸን ግርጌ ትኖራለች። በዚህ የተነሣ እኛ ቤት ዒድም ፋሲካም አያልፈንም፤ ሆዳችን በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው። እትዬ ብርቄ ቤት ኔትወርክ የለም። ከተሳላሚዎቹ ጋር ተራራውን ጥቂት ወጣ ብላ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነው የምታገኘው። ዓሣውንም እዚያው ዳገት ላይ ሆና ተቀበለችው። እሷ ብቻ መስላችሁ? አብረዋት የሚወጡት ተሳላሚዎች ሁሉ አዩት።

«ልጄ» አለች በድምፅ መልእክት፣ እያለከለከች፤ «እመቤቴ ትከተላት፣ ሲሳዩን ታብዛላት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለው እዚህ ሰዎቹ ክርክር ገጥመዋል፣ እኔ የለሁበትም። ግን ፊቱ ለምን ወደ ግራ ዞረ? ደስ አይልም። ወደ ቀኝ አድርገው።»

ምስሉን መልሳ ልትልከው ስትል ኔትወርኩ እምቢ አለ። አንድ ተሳላሚ ስልኳን ተቀብሎ ጥራቱን የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ሲያደርገው ምስሉ ሄደ። ጋሽ ሰይድ የዓሣው ፊት ወደ ቀኝ እንዲዞር መጠየቁን ሲሰሙ «እውነቷን ነው፣ በቀኝ ነው» አሉ። በቀኝ ነገር ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ነው። እኔም እትዬ ብርቄ የመለሰችውን፣ ማለትም በሁለት ሰው የተመረቀውን፣ ይዤ ገለበጥሁት፤ እንደገናም አስቀመጥሁት።

ከዚያ ሪያድ። የጋሽ ሰይድ ልጅ ነጂባ አሁንም እዚያ ናት፣ ሐዋን እንደ እህቷ ነው የምትወዳት። ዓሣውን ስልኳ ላይ ለወዳጆቿ ሁሉ ለጠፈችው። የወሎ ልጆች ከየሰው ቤት ወጥ ቤት ሆነው «ማሻ አላህ ሐዊ፣ አላህ ይሁንልሽ» እያሉ መረቁት። ነጂባ ከዚያው ከለጠፈችው ላይ ስክሪንሹት አነሣች፤ ዳርና ዳሩን ቆርጣ ለእናቴ ላከችላት። እናቴ ለእኔ ላከችልኝ። እኔና እናቴ ስንላላክ የምንቀመጠው በአንድ መደብ ላይ ነው።

አሁን እንግዲህ ሁለት ዓሣ አለኝ። አንዱ በጣቴ የሳልሁት፣ ከስልኬ ወጥቶ የማያውቀው። ሌላው በዓለም ዙሮ፣ ወፍሮ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ በእስላሙም በክርስቲያኑም፣ በአገር ቤቱም በስደተኛውም ተመርቆ የመጣው። በተሰነጠቀው መስታወቴ፣ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ሲታይ፣ ሁለተኛው ዓሣ ምንም አልሆነም። ትንሽ ጠየም ያለ መሰለኝና መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግሁት።

«የቱን ልላክ?» ብዬ እናቴን አልጠየቅሁም። የማይጠየቅ ነገር አለ።

የደሴው አታሚ ምስሉ ሲደርሰው ደወለልኝ። «ይሄ ዋናው ነው?»

«ከዋናው የሚበልጠው ነው» አልሁት።

«እንዴት?»

«የተመረቀ ነው።»

ሰውዬው «አሚን» ብሎ ዘጋው።

ባነሩ ተጠቅልሎ በሚኒባስ መጣልኝ። ሐዋ ልትገልጠው ስትል ከለከልኋት፤ በምረቃው ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ይገለጥ አልሁ። ለነገሩ የእኔ ምኞት ጭብጨባ ነበር። የከፈተችበት ዕለት ጠዋት መንገዱ ተረጋግቶ ጋሽ ሰይድ ከውጫሌ መጡ፣ እትዬ ብርቄም ከግሸን ወርዳ መጣች፤ ጎረቤት፣ ባለ ሱቅ፣ ባጃጅ ነጂ ደጁን ሞላው። ሐዋ ውስጥ ናት፤ ዘይቱ ተጥዷል፣ ዓሣው ከሐይቁ ከወጣ ገና ጠዋቱን አልጨረሰም። እኔ መሰላል ላይ ወጣሁ፣ ዳርና ዳሩን አሰርሁ፣ ገመዱን ለቀቅሁና ሰው እንዲያጨበጭብ ዞር አልሁ።

ማንም አላጨበጨበም።

መጀመሪያ የተናገረው ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ያየው ነጂ ነው። «ወንድም! ዓሣውን ዝንብ ወረረው እኮ!» አለ።

ቀና ብዬ አየሁ። ያ አውራ ጣት የሚያክለው ዓሣ አሁን ከእኔ ይረዝማል። «ሐዋ ዓሣ ቤት» እንዲል ያዘዝሁትን ጽሑፍ አታሚው ጥርት፣ ጥንፍፍ አድርጎ ከታች ጽፎታል፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ዓሣው የማን እንደሆነ እንዳይጠፋበት። ዓሣው ራሱ ግን ምን ልበላችሁ። ሰማያዊው መስመር ወደ አመድነት ተቀይሯል። ጎበጥ ያለው ጀርባው ደረጃ ደረጃ ሠርቷል፣ ሊወጡበት ይቻላል። ክቡ ዓይኑ አራት ማዕዘን ሆኗል። በዚያ ንጹሕ በነበረ ነጭ ላይ ደግሞ፣ በዓሣው ዙሪያ፣ ከራስ እስከ ጭራ፣ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣብ ሰፍሯል። አፉ ጋ ይበዛል፣ ጭራው ጋ ይበዛል፣ ልክ ዝንብ እንደሚወደው። ሆዱ ደግሞ በጋሽ ሰይድ ትእዛዝ ተለጥጦ አብጧል። ሐይቅ የኖረ ሰው ያበጠና ዝንብ የወረረው ዓሣ ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም።

አንድ ሽማግሌ ሽርጣቸውን ጠቅለል አድርገው ተጠጉና በከዘራቸው ባነሩን ነካ ነካ አደረጉት። «እሽ! እሽ!» አሉ። ዝንቡ አልሄደም። «ይሄ እንኳ የለመደ ነው» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ።

«ምንድን ነው ያመጣህብን?» አለች እናቴ ከሥር።

«እናንተ የመረቃችሁትን!» አልኋት ከላይ።

ይህን ማለቴ ነገሩን አባሰው። ጋሽ ሰይድ ተቆጡ። «እኔ አወፍረው አልሁ እንጂ ዝንብ ጨምርበት አልሁ?»

«እኔ ዘንድ ሲደርስ እኮ ጀምሮት ነበር» አለች እትዬ ብርቄ፤ «ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው ዝም ያልሁ። ከውጫሌ ይዞት ነው የመጣ።»

«ውጫሌ? ውጫሌ ምን ዝንብ አለ? ያ ሁሉ ተሳላሚ ሲነካካው እዚያው ግሸን ይዞት ይሆናል እንጂ!»

«ግሸን ደጋ ነው! ዝንብ አይወጣውም!»

አንዱ ለነጂባ በስልክ ባነሩን በቪዲዮ አሳያት። «እኔ የለሁበትም!» ብላ ጮኸች ከሪያድ፤ «እዚህ ቀዝቃዛ አየር ቀንም ሌትም ይነፋል፣ ዝንብ ምን በወጣው!» የውጫሌ ሰው ለውጫሌ፣ የግሸን ሰው ለግሸን ወገነ። ደጁ ላይ ሰው እየበዛ ሄደ፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን አንድ ነፍስ የለም። የጥብሱ ሽታ እየወጣ፣ ሁሉም አፍንጫውን ወደ ቤቱ፣ ዓይኑን ወደ ባነሩ አድርጎ ይቆማል። ዓይን አሸነፈ።

እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ዝንቡን በእርጥብ ጨርቅ ፈተግሁት። አይለቅም። ከሐዋ ግድግዳ የተረፈ ነጭ ቀለም ነበርና ተቀብዬ ዝንብ በዝንብ እየፈለግሁ ቀባሁ። ለካ ነጩም ነጭ አልነበረም፤ እሱም ሲጨመቅ ሲጨመቅ ዳለቻ ሆኗል። የእኔ ነጭ ቀለም ያረፈበት ቦታ ሁሉ ለብቻው ቦግ ብሎ ወጣ። ዝንቡ የለቀቀውን እከክ ያዘው። «ኧረ በአላህ ተወው፣ ዝንቡ ይሻለዋል» አለ ባጃጅ ነጂው።

ጨንቆኝ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኜ አታሚው ጋ ደወልሁ። «ምን ሆኖ ነው?» አልሁት።

«የላክህልኝን ነው ያተምሁት። ስንት እጅ ዞሯል?»

ነገርሁት።

«በል ስማ» አለ፣ የሐዘን ቤት ድምፅ ይዞ። «ምስል በተላከ፣ በተቀመጠ ቁጥር ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ደግሞ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቆሻሻ ይጥላል። ፎቶ ቢሆን አይታወቅም፤ ፎቶ ገበያ ነው፣ ግርግር አለው፣ ትንሽ ቆሻሻ ቢጨመርበት ማን ያየዋል? ያንተ ሥዕል ግን ባዶ ሜዳ ነው። አንድ መስመር፣ ከዚያ ነጭ። የገባበት ነገር ሁሉ ይታያል። እንደ ፋይል፣ ሳይነካ፣ ዋናውን ብቻ መላክ ነበረብህ።»

«ያ አልተመረቀም እኮ» አልሁት። አሁንም አልገባኝም ነበር።

በዚህ መሃል ሐዋ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጣች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። እኔ መሰላሉ ላይ ደረቅሁ። ከበስተኋላዋ መደርደሪያው ላይ ስልኳ ይታየኛል፤ ዛሬም ደላላው ሳይጽፍላት አይቀርም። ሌላ ቀን ያጣሁ ይመስል የሷን ቀን አበላሸሁባት። እህቴን መልሼ የምልካት እኔው ራሴ ነኝ አልሁ፤ ያውም በጣቴ።

ባነሩን ብዙ አየችው። ዓይኑን አየች፣ ሆዱን አየች፣ ዝንቡን አየች፣ እከኩን አየች። «ከየት መጣ ይሄ ሁሉ ዝንብ?» አለች ቀስ ብላ።

«ከውጫሌ» አለች እትዬ ብርቄ።

«ከግሸን» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ሪያድ የለችበትም» አለች ነጂባ በስልኩ።

ሐዋ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየችና ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ፤ እንዲህ ስትስቅ ግን አላየኋትም። ሆዷን ይዛ በዱቄት እጇ የበሩን መቃን ደገፍ አለች፣ እንባዋ መጣ። እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ እሷም ሳቀች። ባጃጅ ነጂው ድሮም ለመሳቅ ሰበብ ሲፈልግ ነበር።

«ላውርደው» አልኋት።

«ንክችም እንዳታደርገው» አለች። ከዚያ ወደ ዘመዶቿ ዞረች። «ያን ሁሉ ዘመን ሰው አገር ስሠራ አንድ ሰው ‹እስቲ የሠራሽውን ልየው› ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ዓሣ ግን ሁላችሁም ነካክታችሁት ነው የጠቆረ። ወላሂ እንዲህ የወደደኝ ሰው የለም። ይሰቀል እንዳለ።»

ወደ ውስጥ ገብታ ሳፋ ይዛ ተመለሰች። ሳፋው ውስጥ ቆሮሶዎቹ ገና ይንፈራገጣሉ፤ አንዱ ዘሎ የሽማግሌውን ሽርጥ አራሰው። «ያ ጀማዓ፣ ዝንቡ ውጭ ነው፣ ዓሣው ውስጥ ነው» አለች። «የፈለገ ይግባ፣ የፈለገ ዝንቡን ይጠብቅ።»

መጀመሪያ የገባው ባጃጅ ነጂው ነው። ቀጥለው ሽማግሌው፣ ሽርጣቸውን እያራገፉ። ጋሽ ሰይድና እትዬ ብርቄ በአንድ ትሪ ቀረቡ፤ የዝንቡን ክርክር ሳያቋርጡ አጥንቱን እየለቀሙ እስከ ቀትር ዘለቁበት። ሐዋ ደጋግማ መጥበስ ያዘች። የመጣው ዓሣ ሁሉ አልቆ ሌላ እንዲያመጡ ሰው ወደ ሐይቁ ላከች።

ያ ወሬ እንዴት እንደ ተዛመተ አትጠይቁኝ። በደሴና በወልዲያ መካከል የሚመላለሱ ሹፌሮች «ባለ ዝንቧ ጋ እንቁም?» ማለት ጀመሩ። ተሳፋሪው በመስኮት ባነሩን ሲያይ ይስቃል፣ የሳቀ ይወርዳል፣ የወረደ ይበላል። ፎቶ የሚያነሣው ብዛቱ! እያነሡ ይልካሉ፣ የተላከለት ይልካል፤ አሁንማ በሰው ስልክ ላይ የሚዞረው ዓሣ ይሁን ደመና መለየት ያቅታል።

እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ አላረፍሁም። ጥቂት ቆይቼ ያንን የመጀመሪያውን፣ ከስልኬ ወጥቶ የማያውቀውን ዓሣ፣ አታሚው እንዳለኝ ሳይነካ እንደ ፋይል ልኬ አዲስ ባነር አሠራሁ። ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ንጹሕ ነጭ፣ ክብ ዓይን። እንዳትደነግጥ ብዬ አስቀድሜ ራሴ ዘረጋሁት። ከዚያ በቀትር፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ወስጄ ፊቷ ገለጥሁላት።

«በጣም ያምራል» አለች።

«ታዲያ ልስቀለው?»

«የት?» አለችኝ፣ የምሯን ግራ ገብቷት። ተቀበለችኝ፣ አጠፈችው፣ ጓሮ ወጥታ ዝናብ እንዳይነካው ከሰሉን ሸፈነችበት። እስካሁን እዚያው አለ። ከሰላችን በሐይቅ ከተማ አንደኛው ጥራት ያለው ባነር አለው።

ከጓሮ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ደላላው ነው፤ «የመጨረሻ እጠይቅሻለሁ፣ ትመጫለሽ ወይስ ለሌላ ልስጠው?» ይላል። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቢላዋዋ ቆመ። እኔም ቆምሁ። ሐዋ ወደ ደጅ ወጣች፣ ስልኳን ቀና አድርጋ ባነሩን፣ ከነዝንቡ፣ ከነእከኩ አነሣች፣ ላከችለት።

ጥቂት ቆይቶ መልሱ መጣ። ጮክ ብላ አነበበችልን። «ምስሉ አልጠራም፣ ደግመሽ ላኪልኝ» ይላል።

«ይበቃዋል» አለች ሐዋ። ስልኩን ዘግታ መደርደሪያው ላይ ወረወረችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ተከናነበች፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ጋደም አለች። ሰው እየገባ እየወጣ፣ ዘይቱ እየተንጣጣ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እኔም ከእግሯ በኩል ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንሁ። ያን ቀን እንኳ ማስመሰል አላስፈለገኝም።